ከአያት እስከ መርካቶ፦ አንድ ኮምፒዩተር ፍለጋ

የጥር ሠርጎች ካለፉ በኋላ በየቤቱ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። «ቪዲዮው መቼ ነው የሚደርሰው?» ድንኳኑ ፈርሷል፣ የተከራየው ወንበር ተመልሷል፣ ሙሽሮቹም ከመልሱና ከቅልቅሉ በኋላ ወደ ኑሯቸው ገብተዋል። ባሕር ማዶ ያለ ወንድም ይደውላል፤ ጉልበታቸው አላስኬድ ብሏቸው ከሠርጉ የቀሩ አያት ይጠይቃሉ። የቪዲዮ ባለሙያው መልስ ግን አንድ ነው፤ «ሬንደር ላይ ነው»። በሳምንቱ ሲደወልለትም ያው «ሬንደር ላይ ነው»። ብዙዎቻችን ይህን መልስ የምንሰማው «መንገድ ላይ ነኝ» እንደሚባለው የከተማችን ሰበብ አድርገን ነው።

የታላቅ እህቴ ልጅ በዚህ ሥራ ከተሰማራች ወዲህ ግን ነገሩ ሁልጊዜ ሰበብ አለመሆኑን ቤተሰቡ ሁሉ አውቋል። ልጅቷ አያት ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእናቷና ከአያቷ ጋር ትኖራለች። ሌሎች የቀረጹትን የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ ተቀብላ፣ ቤቷ ቁጭ ብላ ኤዲት ታደርጋለች። ክፍያዋን የምታገኘው በሁለት ጊዜ ነው፤ ግማሹን ሥራውን ስትቀበል፣ ግማሹን ስታስረክብ። በጥር ከተቀበለቻቸው አራት ሠርጎች ሁለቱን ያስረከበችው ከፋሲካ በኋላ ነው። አንደኛው ደንበኛ ከቀሪው ክፍያ ላይ ቀነሰባት፤ ሌላኛው ሙሉውን ከፍሎ «ሁለተኛ ግን አልመጣም» ብሏት ሄደ። የቀነሰው ሰው አላናደዳትም፤ የሁለተኛው ንግግር ግን እንቅልፍ ነሳት።

ሊጡና ምጣዱ

ሬንደር ምን እንደሆነ ለእናቴ ያስረዳቻት ራሷ የልጅ ልጇ ናት። «እማማ፣ ኤዲት ማድረግ ማለት ዱቄቱን መንፋት፣ ማቡካት፣ አብሲት መጣል ነው። ሬንደር ደግሞ መጋገሩ ነው» አለቻት። የተመረጠው ምስል፣ ዘፈኑ፣ የቀለሙ ማስተካከያ፣ በስክሪኑ ላይ የሚወጣው የሙሽሮቹ ስም፣ ሁሉም ለየብቻ የተዘጋጀ ነው። ሬንደር ይህን ሁሉ አዋሕዶ ስልክም ቴሌቪዥንም የሚያጫውተው አንድ ፋይል ያደርገዋል። ቪዲዮ በአንድ ሰከንድ 25 ፎቶ ነው ብለን ብንይዝ፣ የሦስት ሰዓት ሠርግ 270,000 ፎቶ ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ይህን ሁሉ ፎቶ አንድ በአንድ ያዘጋጃል፣ ከዚያም አጥብቆ ይጠቀልለዋል።

እናቴ ጥቂት አሰበችና «ታዲያ ይኼን ሁሉ በአንድ ምጣድ ነው የምትጋግሪው?» አለቻት።

ጥያቄው የችግሩን ልብ ያገኘ ነበር። ልጅቷ ያላት አንድ ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፑ ሬንደር ሲያደርግ የሚቀጥለውን ሠርግ ኤዲት ማድረግ አትችልም፤ ኤዲት ስታደርግ ደግሞ ያለቀው ሥራ ወረፋ ይጠብቃል። ሌሊት ስትተወው መብራት ሄዶ እንደገና «ሀ» ብላ የጀመረችባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። የሚያስፈልጋት ሁለተኛ ምጣድ ነው። ይኸውም ኢንተርኔት የማይከፈትበት፣ ጨዋታ የማይጫወቱበት፣ ሥራው ሬንደር ማድረግ ብቻ የሆነ ኮምፒዩተር ነው።

በዚያው ሰሞን የእናቴ የዕቁብ ዕጣ ወጣ፤ 150,000 ብር። ገንዘቡ ባለቤት ነበረው። ደብረ ብርሃን ያለው የቤተሰቡ ቤት ቆርቆሮ አርጅቶ ማፍሰስ ጀምሯል፤ ተከራዮቹም ክረምት ሳይገባ እንዲቀየርላቸው ሲጎተጉቱ ቆይተዋል። ለሁለት ቀን በቤቱ ውስጥ ክርክር ሆነ። እህቴ «ቤት እያፈሰሰ ኮምፒዩተር አይገዛም» አለች። በመጨረሻ እናቴ ቆረጠች፤ «ቆርቆሮው አንድ ክረምት ይችላል፤ ሁለት ግን አይችልም። ገንዘቤን በሚመጣው ጥር እፈልገዋለሁ» አለች። ለተከራዮቹም እስከዚያ ድረስ የተወሰነ ብር ከኪራዩ ተቀነሰላቸው። እንግዲህ የምንገዛው ዕቃ ገንዘቡን ዓመት ሳይሞላ መመለስ አለበት ማለት ነው።

ዋጋውም የሚያስፈራ ነው። ኮምፒዩተር በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የገዛን ጎረቤት ዋጋ ጠይቆ መውጣት ምንም አይጠቅምም።

የሙከራ ሊጥ

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዲሉ፣ ልጅቷ ከቤት ከመውጣታችን በፊት ሁለት ነገር አዘጋጀች። የመጀመሪያው አንድ ወረቀት ነው። በየትኛው ፕሮግራም እንደምትሠራ፣ የሚመጣላት ቀረጻ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የምታስረክበው በምን ዓይነት ፋይል እንደሆነ ጻፈችበት። እሷ የምትሠራው በዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው፤ ይህ ፕሮግራም ደግሞ አብዛኛውን ጫና ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይጥላል። በሌላ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ዝርዝር ከእሷ ሊለይ ይችላል። የጎረቤት ልጅ የገዛውን አይቶ መግዛት የማያዋጣውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው በኪሷ የያዘችው ትንሽ ኤክስተርናል ዲስክ ነው። ከአንድ ሠርግ ላይ የተወሰደ፣ ፎር ኬ በሚባለው ጥራት የተቀረጸ፣ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ጭናበታለች። «የሙከራ ሊጥ ነው፤ ሁሉም ሱቅ ላይ ይህንኑ እንጋግራለን» አለችኝ። በራሷ ላፕቶፕ ላይ ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ 55 ደቂቃ ይፈጃል። ለሦስት ሰዓት ሠርግ በ18 ስናባዛው አሥራ ስድስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። «ሬንደር ላይ ነው» የሚለው መልስ ትርጉሙ ይኼው ነው።

መገናኛ፦ ስምና ቁጥር

ቅዳሜ ጠዋት ከአያት ባቡር ተሳፈርን። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የከተማችን ባቡር እንደ ድሮው አያዘወትርም፤ ሲመጣም ጢም ብሎ ነው። ሆኖም ከአያት መገናኛ ለመድረስ ከታክሲ ሰልፍ ይሻላል። መገናኛ ስንወርድ ከእግረኛው ድልድይ ላይ ሆነው ሲያዩት አካባቢው ሁሉ ገበያ ነው። ከታች ካልሲና ጃንጥላ፣ ከፍ ሲል የስልክ ቀፎ፣ በየሕንፃዎቹ ፎቅ ላይ ደግሞ የላፕቶፕና የኮምፒዩተር ሱቆች።

በአንዱ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ወጣት ገና በሩ ላይ ተቀበለን። «ጋሼ፣ ግቡ! ምን ልርዳችሁ?» ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ኮምፒዩተር እንደምንፈልግ ነገርነው። ከመደርደሪያው ሥር አንድ ጥቁር ዴስክቶፕ አወጣና «ኮር አይ7 ነው! ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?» አለ። ዋጋው ከያዝነው ብር ግማሽ አይሞላም።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ በኮምፒዩተሩ ላይ የተጻፈውን አነበበች፤ ኮር አይ7-2600 ይላል። ወደ እኔ ዞር ብላ ቀስ ብላ እንዲህ ስትል አስረዳችኝ። «አይ3፣ አይ5፣ አይ7 የሚለው ማዕረግ ነው፤ የልደት ዘመኑ ያለው ከኋላው ባለው ቁጥር ላይ ነው።» 2600 ሲል ሁለተኛ ትውልድ ማለት ነው፤ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ሲሆን አራት ኮር አለው። ኮር አይ5-12400 ደግሞ በማዕረግ ያንሳል፤ ነገር ግን አሥራ ሁለተኛ ትውልድ ነው፣ በ2014 ዓ.ም. የወጣና ስድስት ኮር ያለው ነው። ኮር ማለት በእናቴ ቋንቋ የምጣድ ብዛት ነው፤ ትውልዱ ደግሞ የምጣዱ ሙቀት። አዲሱ አይ5 አሮጌውን አይ7 ጥሎት ይሄዳል።

አንድ ሌላ ነገርም አሳየችኝ። አንዳንድ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ቁጥራቸው ሲያበቃ «ኤፍ» የሚል ፊደል ይከተላል። 12400 እና 12400ኤፍ ወንድማማቾች ናቸው፤ ባለ ኤፉ ግን በውስጡ የግራፊክስ ክፍል የለውም። ከዚያ ክፍል ጋር ክዊክ ሲንክ የሚባለው፣ ቪዲዮ ለመክፈትና ለመጠቅለል ተብሎ የተሠራው ፈጣን መሣሪያም አብሮ ይቀራል። ዋጋው ረከስ ይላል፤ ለጨዋታም ችግር የለውም። ለቪዲዮ ሥራ ግን ያቺ ፊደል ትቆጠራለች።

ወጣቱን ላለማስቀየም ብለን ሊጡን ጋገርንበት። የአሥር ደቂቃው ሥራ 48 ደቂቃ ፈጀ። ቡና ጠጥተን ተመለስን። ሻጩም ሰዓቱን ሲያይ ሳቀና «ለቢሮ ሥራ እኮ ሸጋ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ደብዳቤ ለመጻፍ ይበቃል።

ከጎኑ ያለው ሱቅ ላፕቶፕ እንድንገዛ መከረን። ልጅቷ ግን አላመነታችም። ላፕቶፕ የሚገዛው ይዘውት ስለሚዞሩ ነው፤ ይህ ኮምፒዩተር ደግሞ ከጠረጴዛው አይነሳም። በጠባብ አካል ውስጥ ለሰዓታት ሲሠራ ይግላል፤ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ዴስክቶፕ ግን አየር ያገኛል፣ የተበላሸው ክፍል ብቻ ወጥቶ ይቀየራል፣ ለተመሳሳይ ገንዘብም የበለጠ ጉልበት ይሰጣል።

ቦሌ፦ መብራቱ አይጋግርም

ከመገናኛ በታክሲ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም ሄድን። እዚያ ያሉት ሱቆች ሌላ ዓለም ናቸው። ጎናቸው መስታወት የሆኑ ኮምፒዩተሮች እንደ ገና ዛፍ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ያበራሉ። አብዛኛው ዕቃ በዱባይ በኩል የገባ መሆኑን ሻጮቹ እንደ ማዕረግ ይናገሩታል። ዋጋውን ስንጠይቅ አንዱ ሻጭ ካልኩሌተሩን ወደ እኛ አዞረ፤ 164,000 ብር። እኔ ዝም አልኩ። ልጅቷ ግን «ወንድሜ፣ መብራቱ ስንት ነው? እኔ መብራቱ አይጋግርልኝም» አለችው። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ ሻጩም ለሥራ የመጣች መሆኗን ያን ጊዜ ተረዳ።

ትልቁ ትምህርት የግራፊክስ ካርዱ ነገር ነው። ቪዲዮ ሬንደር ለማድረግ የሚፈለገው ካርድ ሁለት ነገር ሊኖረው ይገባል፤ በቂ የራሱ ሜሞሪና የቪዲዮ መጠቅለያ መሣሪያ። በርካሽ የሚገኘው ጂቲ 1030 የሚባለው ካርድ ለምሳሌ የኤንቪዲያ ስም አለው እንጂ የቪዲዮ መጠቅለያው የለውም። በሌላ በኩል በ2013 ዓ.ም. የወጣው አርቲኤክስ 3060 ዛሬም ለዚህ ሥራ አስተማማኝ ነው፤ ባለ 12 ጂቢው። ኋላ ላይ በዚያው ስም ባለ 8 ጂቢም ስለወጣ ቁጥሩን ማየት ያስፈልጋል። የፎር ኬ ቪዲዮ ላይ ቀለም ሲስተካከል የካርዱ ሜሞሪ ይሞላል፤ ከሞላ ደግሞ ሥራው በመሐል ይቆማል።

ያገለገለ ካርድ ስንመለከት ሁለት ጥንቃቄ አደረግን። አንደኛው፣ ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 2015 ዓ.ም. ላይ አሠራሩን ሲቀይር፣ በዓለም ዙሪያ ሌት ተቀን ሲሠሩ የቆዩ ብዙ ካርዶች ወደ ገበያ ወጥተዋል። እንዲህ ያለ ካርድ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ግን ፋኖቹ ሲዞሩ መንቀጥቀጣቸውን፣ ሲጫን ሙቀቱ ስንት እንደሚደርስ ማየት ግድ ነው። ሁለተኛው፣ አሮጌ ካርድ በሶፍትዌር ተቀይሮ የአዲስ ካርድ ስም ይለጠፍበታል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ካርዱ የሚናገረውን ስምና በውስጡ ያለውን ቺፕ ያስተያያል፤ የማይመሳሰሉ ከሆነ ያሳብቃል። ልጅቷ ይህንንም በዲስኳ ይዛው ነበር።

አንዱ ሱቅ «አይሞከርም፤ ዕቃው እሽግ ነው» አለን። አመስግነን ወጣን። በሌላው ሱቅ ኮር አይ5-12400 እና አርቲኤክስ 3060 የተገጠመለት ኮምፒዩተር ላይ ሊጡን ጋገርን። እኔ ሻዩን እንዳዘዝኩ አለቀ፤ ስድስት ደቂቃ። በ18 ስናባዛው የሦስት ሰዓቱ ሠርግ በአንድ ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይደርሳል። የልጅቷን ፊት ማየት በቂ ነበር። ዋጋው ግን 138,000 ብር ሆነ፤ ዩፒኤስ ሳይጨመር። «መርካቶን ሳናይ አንወስንም» ብለን ቀጠሮ ይዘን ወጣን።

መርካቶ፦ የሚያውቁ ሰዎች አገር

ሰኞ ዕለት ከስታዲየም በሰሜኑ መስመር ባቡር ተሳፍረን፣ ሜክሲኮን፣ ልደታን አልፈን አውቶቡስ ተራ ወረድን። መርካቶ ገበያነቱን ያገኘው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ አካባቢ አንስተው ወደዚህ ሲያዛውሩት ነው፤ ስሙም ከቋንቋቸው የቀረ ነው። ዛሬ ሸማ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ቅመም ተራ እየተባለ በየሙያው ተከፋፍሎ ይኖራል። ምናለሽ ተራ ደግሞ ሌላው የጣለው ነገር ሁሉ እንደገና ነፍስ የሚዘራበት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ ከመግዛት ይልቅ ስለ ዕቃ መማር የፈለገ ሰው መርካቶ ይሂድ።

በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ትልልቅ ኮምፒዩተሮች እንደ ጤፍ ከረጢት ተደርድረው አገኘን። ዎርክስቴሽን ይሏቸዋል። የውጭ አገር ድርጅቶች ለዓመታት ተገልግለውባቸው ሲተኩ ወደ እኛ የሚመጡ ናቸው። ጠንካሮች ናቸው፤ ዚዮን የሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር አላቸው፤ ራማቸውም ብዙ ነው። ዋጋቸው 70,000 ብር ነው ተባልን። በልቤ «ቆርቆሮውም ይቀየራል ማለት ነው» አልኩ።

ሊጡን ጋገርን። 24 ደቂቃ። ከላፕቶፑ በእጥፍ ይሻላል፤ ከቦሌው ግን በአራት እጥፍ ይዘገያል። የሦስት ሰዓት ሠርግ ሰባት ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይፈጅበታል።

ጥግ ላይ የማዘርቦርድ ብየዳ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጨዋታችንን ሲሰሙ ቆይተው «ልጄ፣ ከሰዓቱ በፊት መብራቱን አስቢ» አሏት። ከዚያም እንዲህ አብራሩልን። እነዚህ ዚዮኖች ከአሥር ዓመት በፊት ለጥንካሬ የተሠሩ ናቸው፤ በውስጣቸው የቪዲዮ መጠቅለያ የላቸውም፤ ስለዚህ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ካልተጨመረላቸው ቪዲዮውን በጉልበት ነው የሚጋግሩት። ካርድ ልጨምርበት ቢባልም ፓወር ሰፕላያቸው የፋብሪካቸው ብቻ የሆነ፣ ሲቃጠል ከገበያ የማይገኝ አሉበት። ራማቸውም ከተራ ማዘርቦርድ ጋር አይገጥምም። «ደግሞ ሰባት ሰዓት ሙሉ መብራት ሳይሄድ የሚያድርበት ሌሊት ስንት ነው? አጭር ሥራ መብራት ሳይሄድ ያልቃል» አሉ።

ይህን ያሉን ሰው ከዚያው ሱቅ ጋር የሚሠሩ ናቸው። ሻጩ ሲሰማቸው ከንፈሩን ነከሰ እንጂ አልተቃወመም። በመርካቶ የሚወራው ማጭበርበር ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ግን በየጥጉ አለ።

አዛውንቱ ስለ ፓወር ሰፕላይም አጥብቀው ነገሩን። ብዙ ሰው ፕሮሰሰሩንና ካርዱን በውድ ገዝቶ ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለውን ሳጥን በርካሽ ይወስዳል። እሱ ሲቃጠል ግን ብቻውን አይሄድም፤ ሌላውንም ይዞ ይሄዳል። የመረጥነው ካርድ ሲሠራ እስከ 170 ዋት ይወስዳል፤ ፋብሪካው የሚመክረውም 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው። ስመ ጥር ያልሆነ ሳጥን ላይ የተጻፈን ዋት ማመን አይገባም፤ በእጅ ሲያነሱት ቀላል የሆነ ፓወር ሰፕላይ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ያለው ዕቃም ቀላል ነው።

በመጨረሻም ከዚያ በፊት ከማንም ሰምቼው የማላውቀውን ነገር አነሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሯ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋን የሚያቀዘቅዘው በአየር ነውና፣ እዚህ የሚዞር ፋን ዱባይ ላይ በዚያው ሙቀት ቢዞር የሚያነሳውን ያህል ግለት አያነሳም። ለእኛ የሚበጀው ቀዝቃዛ መሆኗ ነው እንጂ ከፍታዋ አይደለም። አቧራ ከተጨመረበት ደግሞ ባሰ። ስለዚህ ሰፊ ኬዝ፣ ትልልቅ ፋን፣ በየወሩ ማራገፍ።

ውሳኔው

ማታ ቤት ስንገባ እናቴ ሁሉንም ሂሳብ አስነገረችን። 70,000 በ24 ደቂቃ፤ 138,000 በስድስት ደቂቃ። ርካሹን ገዝቶ ቆርቆሮውን ማደስ የሚለው ሐሳብ እንደገና ተነሳ፤ እህቴ ለዚያ ነበረች። ልጅቷ አልተከራከረችም፤ የግንቦትን ሥራ ቀን መቁጠሪያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ለሦስት ሠርግ ቀጠሮ አላት፤ ሦስቱም እስከ ሰኔ አጋማሽ መድረስ አለባቸው። ደንበኛ ደግሞ አንድ ጊዜ አይቶ «ይኼን አስተካክዪ» ስለሚል እያንዳንዱ ሥራ ቢያንስ ሁለቴ ሬንደር ይደረጋል። በስድስት ደቂቃው አራት ሰዓት አይሞላም፤ በ24ቱ ግን ለአንድ ሠርግ ከ14 ሰዓት ያልፋል። እናቴ «በሚያጨስ ምጣድ ከመጋገር...» ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው «ቦሌውን ግዙት» አለች።

ግን በ138,000 አልገዛነውም። ልጅቷ ዝርዝሩን ይዛ ተመልሳ የማያስፈልጋትን አስወጣች። መብራታማው ኬዝ በተራ ሰፊ ኬዝ ተቀየረ። 64 ጂቢ የነበረው ራም ወደ 32 ወረደ፤ ሁለት ባለ 16 ሆኖ። አብሮ የተሰጠው ስክሪን ቀረ፤ ለሬንደር ብቻ ለሚሠራ ኮምፒዩተር ጥሩ ስክሪን ምን ያደርግለታል? ቤት ያለው የድሮ ቴሌቪዥን ይበቃዋል። ያልተነካው አንድ ቴራ ባይት ኤንቪኤምኢ የሚባለው ኤስኤስዲ ነው። በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጂቢ ይሞላል፤ ሁለት ካሜራ ስድስት ስድስት ሰዓት ከቀረጹ 540 ጂቢ ነው። አንድ ሠርግ እንኳ ሙሉ ለሙሉ የማይገባበት ዲስክ ቢገዛ ሥራው ሁሉ ከዝግተኛ ሃርድ ዲስክ ላይ እየተነበበ ይንቀረፈፋል።

ኮምፒዩተሩ በ121,000 ብር አለቀ፤ የስድስት ወር ዋስትና፣ የካርዱ መለያ ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝ ጋር። 17,000 ለዩፒኤስ ወጣ። ቀሪው 12,000 ለቀረጻ ማቆያ ሃርድ ዲስክ ሆነ። ዩፒኤሱ ሌሊቱን ሙሉ እንዲያሠራ አይደለም፤ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ ይይዛል፣ ሥራውን በሥርዓት ለማስቆም ያህል። ዋናው መድኃኒት ግን ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። ሠርጉን ከፋፍሎ ሬንደር ማድረግ፤ የሙሽሪት ቤት ለብቻ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ለብቻ፣ አዳራሹ ለብቻ፣ መልሱ ለብቻ። መብራት ቢሄድ የሚጠፋው አንዱ ክፍል ብቻ ነው፤ ሌላው ተጋግሮ መሶብ ገብቷል።

ኮምፒዩተሩ አሁን ከወጥ ቤት የራቀው ክፍል ውስጥ፣ ወለል ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የግንቦት ሦስት ሠርጎች በሰኔ አጋማሽ ተረክበዋል፤ ሁሉም በሙሉ ክፍያ። ደብረ ብርሃን ክረምቱን በባልዲ አሳለፈ። ከእናቴ ገንዘብ ጳጉሜን ሲገባ 45,000 ብር ተመልሷል፤ የቀረው ለጥር ነው፤ ቀጠሮዎቹም ከወዲሁ ተይዘዋል።

ለወላጆችና ለአያቶች

ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ «ኮምፒዩተር ግዙልኝ» ሲል ቴክኒኩን ማወቅ ግድ አይደለም። አምስት ጥያቄ ይበቃል። በየትኛው ፕሮግራም ነው የምትሠራው? የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥር ስንት ነው፣ መቼ የወጣ ነው? የራስህን ሥራ ጭነህ ሞክረኸዋል ወይ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ? መብራት ሲሄድ ምን ታደርጋለህ? ገንዘቡስ በስንት ሥራ ይመለሳል? አምስቱንም ሳይንተባተብ የሚመልስ ልጅ ስለ ሥራው አስቦበታል ማለት ነው። መመለስ ካልቻለም አይቆጡት፤ በአንዱ ቅዳሜ አብረውት ወደ መገናኛና ወደ መርካቶ ይውረዱ። ዕቃ ባትገዙም ብዙ ተምራችሁ ትመለሳላችሁ።

ቸር ይግጠመን።